እማዬ ያልበላችበት ፍልሰታ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ልጻፈው ወይስ ይቅር እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ዛሬ በእማዬ አፈርኩ።

ከቅዳሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነው። መኪናው ጢም ብሏል፣ ነፋሱ በመስኮት አሸዋ ይረጫል፣ ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቋል። አንዲት ሶማሌ ሴትዮ እማዬን ስታይ ልጇን በክንዱ ጎትታ አስነሳችና አስቀመጠቻት። ከዚያ እጇን የእማዬ ሆድ ላይ አድርጋ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለች። ወደ እኔ ዞራ በጣቷ ጠየቀችኝ፣ ስንት ወሯ ነው? ስምንት ጣት አነሳሁ። ምን ላድርግ? እኔ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል፣ በአማርኛም በሶማልኛም። ሴትየዋ ሳቀች፣ እማዬም አብራት ሳቀች።

ሰፈራችን ካርቲየ 2 መግቢያ ላይ ስንወርድ እማዬ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበችና «ስምንት ብቻ? እኔስ ወሩ ያለፈኝ መስሎኝ። ዝሆን ሳይሆን አይቀርም የያዝኩት» አለች። እየሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቀድሜያት ሄድኩ፣ ልጇ መሆኔ እንዳይታወቅ። መጻፍ የፈራሁት ይህንን ነው።

ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ካንሰሩ ያመጣው ውሃ። እንቁላል ማፍሪያዋ ላይ ጀምሮ ሆድ ዕቃዋን ሁሉ ወርሶታል ይላሉ።

እማዬ ሀራሙስ ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ካሉት ቪላዎች በአንዱ እያደረች ለዓመታት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ሆዷ መነፋት ሲጀምር አሠሪዋ ማዳም «አረገዘች» ብላ እንዳታባርራት በነጠላ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ባል የሌላት ሠራተኛ ካረገዘች ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ነው የምትወጣው፤ ይህን እዚህ ሰው አገር ለሥራ የመጣች ኢትዮጵያዊት ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ አሰረችው። ሲያማት አጠበቀችው። ዓመት ሊሞላው ሲል ነጠላው አልደርስ አለ። ማዳም «የዘበኛው ነው የሹፌሩ?» ብላ በዚያው ቀን አስወጣቻት።

በሽታ መሆኑ ሲታወቅ ማዳም አዘነች። አዝና እኔን በቦታዋ አስገባችኝ። የእማዬን ሰማያዊ የሥራ ቀሚስም ሰጠችኝ። ወገቡን እማዬ ደጋግማ አስፍታው ነበር፣ የተተረተረው ክር አሁንም ይታያል። እኔ መልሼ አጠበብኩት።

እኔ ማደር አልተፈቀደልኝም። «በሽታ እንዳታመጣ» አለች ማዳም። ምሳ የተበላበትን ዕቃ አጥቤ እወጣለሁ። ይህም ጥሩ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቤት እደርሳለሁ፣ እማዬ አፏን የምትፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ፍልሰታን ትጾማለች። እስኪመሽ ውሃ እንኳ የማትቀምስበት ቀን አለ። ሲደርስ ሁለት ጉርሻ ሽሮ ትጎርስና «ጾም ነው፣ ሆድ አይሞላም» ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ያበረታቷታል። ከእሳቸው ክፍል ጋር የሚለየን አንድ ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ ሲያዛጉ እንኳ ይሰማል። ልብስ አጣቢ ናቸው፣ ምላሳቸው ከሳሙናቸው ይበልጥ ይፋጃል። ዛሬ በኮምፔንሳቶው በኩል «አስካለ፣ በርቺ! የድንግልን ጾም የጨረሰ አይወድቅም!» አሉ። እኔ ትንሽ ብይ ስላት ደግሞ «አንቺ ዝም በይ፣ ገና ትናንት ጡት የጣልሽ» አሉኝ።

ዝም ማለት አያቅተኝም።


እሑድ፣ ነሐሴ 4

ማዳም ለግማሽ ቀን ለቀቀችኝ። ሆስፒታል ሄድን። ተመዘነች። እጆቿና እግሮቿ ቀጥነው ክብደቷ ጨምሯል። ዶክተሩ «ውሃው ነው፣ እሱን አትቁጠሩት» አለ።

ዶክተሩ በፈረንሳይኛ ነው የሚናገረው። የምትተረጉምልን ሲስተር ሀዋ ናት። ሶማሌ ናት ግን ድሬዳዋ ነው ያደገችው፣ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ፊቷ አይለወጥም። ደግ ነገርም ክፉ ነገርም በአንድ ፊት ነው የምትናገረው።

ዶክተሩ «ፋክተር ደ ሪስክ፣ ፋክተር ደ ሪስክ» እያለ፣ በሽታውን የሚያባብሱትን ነገሮች እየቆጠረ ጣቶቹን ያጥፋል። ከዚያ እማዬን ጠየቃት፣ ሆድሽ ከተነፋ ስንት ጊዜው ነው?

«ሁለት ወር» አለች እማዬ።

አየኋት። አላየችኝም።

«ምግብ ይወርድልሻል? ታስመልሻለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ! እበላለሁ። አሁን ጾም ስለሆነ ነው እንጂ።»

ሀዋ የዶክተሩን ቃል ተረጎመች። «ካስመለሰሽ፣ ምግብ አልወርድ ካለሽ አትደብቂ ይላል። አንጀት ተይዞ እንደሆነ የሐሙሱ ነገር ይለወጣል።»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ እህቴ» አለች እማዬ፣ ፈገግ ብላ።

ሐሙስ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ያያታል። ሦስት ጊዜ ኬሞ ወስዳለች። ይከፍታታል ወይስ አይከፍታትም የሚለው ያኔ ነው የሚወሰነው።

እማዬ መጋረጃው ጀርባ ገብታ ደም ሲወሰድላት እኔ ኮሪደሩ ላይ ከሀዋ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ጠየቅኳት። እውነቴን ነው፣ ራሴ ጠየቅኳት፣ «ትድናለች?»

«አቦ፣ መዳን የሚለውን ቃል እዚህ አንጠቀምበትም» አለች። «ዕድሜ ነው የምንለው። የሚያሳጥሩት ነገሮች አሉ፣ የሚያረዝሙት አሉ። ልንገርሽ ወይስ ታለቅሻለሽ?»

«አላለቅስም።»

«ዕድሜዋ ገና ነው፣ ይህ ጥሩ። ካንሰሩ ተበትኗል፣ ይህ መጥፎ። ውሃው መጥፎ። ዘግይታ መምጣቷ መጥፎ፣ ሁለት ወር ትበል እንጂ ዶክተሩም ሞኝ አይደለም። ኬሞው ትንሽ ይዞላታል። ትልቁ ነገር ግን ቢላው ነው። ሐኪሙ ሲከፍታት ጠራርጎ ካወጣላት ጊዜ ታገኛለች። ካስተረፈ፣ የተረፈው ተነስቶ ይበላታል። ለቢላው ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ባለፈው ምርመራ የእናትሽ ደም ውስጥ ፕሮቲን የለም። በዚህ ደም ቢከፍቷት ቁስሉ አይገጥምም፣ ስለዚህ አይነኳትም።»

«እኛ ምን እናድርግ?»

«ከዚህ ሁሉ በእጃችሁ ያለው አንድ ነው። ማብላት።»

«ጾም ናት» አልኩ።

«ምን?» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «እኛ እንኳ በረመዳን ለታመመ ተፈቅዶለታል። የናንተ እግዜር ከእኛው ይብሳል እንዴ? ሂጂ እንቁላል አብያት። ነጩን። ጠዋት ማታ ነጩን።»

እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ በጥጥ ክንዷን ይዛ ወጣች። «ጨረሳችሁ ወሬያችሁን?» አለች።

ቤት እስክንደርስ ስለ እንቁላል እንዴት እንደምላት አሰብኩ። ደርሰን አልኳት። «ልጄ፣ ጾሜን አትንኪብኝ» አለች። አለቀ።


ሰኞ፣ ነሐሴ 5

የማዳም ትልቋ ልጅ ልደት ነው። ማዳም ክሬም ትሠራለች። አስኳሉን ወደ ሳህን፣ ነጩን ወደ ማጠቢያው። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ነጩ እየተዝለገለገ በቧንቧው ሲወርድ ቆሜ አየሁ። እማዬ ነች የምትወርደው መሰለኝ። ሰው እንዲህ ያስባል? እኔ አሰብኩ።

«ማዳም፣ ነጩን ልውሰደው?» አልኩ። ድምፄ እንደ ትንኝ ነበር፣ ሁለቴ አስደገመችኝ።

የማዳም አማርኛ የገበያ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። «ለፀጉር ነው?»

«ለእናቴ።»

«ውሰድ፣ ውሰድ! እኛ ይጥላል።» ከዚያ ማንኪያውን እየላሰች፣ «እናትህ መቼ ነው የሚሞተው?»

መልስ ሳትጠብቅ ራሷ ቀጠለች። «ሐሙስ እንግዳ አለኝ። ብዙ እንግዳ። ሐሙስ አይቀርም፣ እሺ? ከቀረህ ሌላ ሴት ይመጣል።»

እሺ አልኩ። ሐሙስ ከእማዬ ጋር ሆስፒታል እትዬ ጥሩነሽ ይሄዳሉ። እማዬ ናት እሳቸው ይሁኑ ያለችው።

ነጩን በኮካ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ። በመንገድ እንዳይበላሽ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩበት። ማብሰሉን እንዲህ አደረግኩት። ፍል ውሃ ላይ ከጨመርኩት ክር ክር ብሎ ይታወቃል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ከሽሮው ዱቄት ጋር መታሁት፣ አረፋው እስኪጠፋ። ነጭ ሽንኩርት በዛ አድርጌ። ከዚያ በቀስታ። ወፈረ እንጂ ምንም አልታየም። ቀመስኩት። ሽሮ ነው።

እማዬ በላች። ከሁልጊዜው በላይ በላች! እየጎረሰች አየችኝ። «ዛሬ ሽሮሽ ወፍሯል» አለች።

«ዱቄቱ በዝቶብኝ ነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ ባለሙያ» አለች። አንድ ጉርሻ ጨመረች። ከዚያ «ሙቀቱ አፈነኝ፣ አየር ልውሰድ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እትዬ ጥሩነሽ ማስታጠቢያ ይዘው ተከተሏት። ሲዘገዩ፣ የሚያሙት እኔን ነው ብዬ አሰብኩ።

ሳህኑን እየዘፈንኩ አጠብኩት። ድምፅ አውጥቼ አይደለም፣ በሆዴ። ደሟ ውስጥ አሁን እየገባ ነው። ሐሙስ ሐኪሙ ይገረማል።

ኃጢአት ነው። አውቃለሁ። ሳታውቅ ጾሟን አስፈታኋት፣ ያውም የድንግልን። ግን ኃጢአቱ የእኔ ከሆነ እሷን አይነካትም አይደል?


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዛሬም አበላኋት። ከማዳም ማቀዝቀዣ የተረፈውን ነጭ በሙሉ ጨመርኩ፣ ሽሮው እንደ ገንፎ ቆመ። እማዬ አንዴ ጎርሳ ለረጅም ጊዜ አኘከች። ሽሮ ይታኘካል? ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሚጥሚጣው ነው» አለች። ሚጥሚጣ አልጨመርኩም።

ግን በላች። ሳህኑን ጨረሰች፣ እኔ ከፊቷ አልነሣም ስላልኩ። «ደስ አለሽ?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ከንፈሯ ደረቅ ነው፣ እንደ ወረቀት።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሁለት ቀን የሰው ጾም ሰርቄ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ደግሞም አስቤበታለሁ። የንስሐ አባቷ ከፈቀዱላት በግልጽ ትበላለች፣ ሽሮ ውስጥ መደበቅ አይኖርም። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ዓሣ፣ ወተት።

አባ ኃይለ ሚካኤል በሴቶች ተከበው ነበር። አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች። ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ። አንድ ጊዜ ልመለስ ጀምሬ በሩ ጋ ደርሻለሁ። ተመለስኩ። ሁሉም ሲያልቁ አባ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ግድግዳው እንዳይወድቅ ነው የምትደግፊልን?»

ሳቁብኝ። መስቀል ተሳለምኩና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አልኩት። ካንሰሩን፣ ደሙን፣ ሐሙስን፣ ነጩን፣ ሽሮውን። ምን እንዳስቀደምኩ አላውቅም።

አባ መጀመሪያ ስለ ሽሮው ተቆጡኝ። «ሰውን ሳያውቅ ማብላት ሌብነት ነው፣ ለእናትም ቢሆን!» ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ ጢማቸውን ይዘው ጠየቁኝ።

«አስካለ ግን ለምን ትጾማለች?»

«ፍልሰታ ስለሆነ።»

«እኔ እኮ በሰኔ ጾም ነግሬያታለሁ። ለታመመ ጾም የለበትም፣ ብይ ብያታለሁ። እሺ አባቴ ብላኛለች።»

እማዬ ይህን አልነገረችኝም።

«ነገ ከቅዳሴ ስወጣ እመጣለሁ» አሉ። «ፊቴ ትበላለች። አንቺ እንቁላሉን አዘጋጂ።»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። በዚህ ሙቀት! ለማንም አልነገርኩም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ አንድ ትልቅ ሰው ሄጄ አናግሬ እሺ አስብዬ መጣሁ። ሁለት እንቁላል ከሱቅ ገዛሁ። አልጋው ስር ጨርቅ ውስጥ ደብቄያቸዋለሁ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 7



ዛሬ የድንግል ማርያም ጽንሰቷ ነው። ጠዋት የግቢያችን ሴቶች ወደ ቅዳሴ ሲወጡ አንዷ እማዬን በር ላይ አግኝታ «አንቺስ ዛሬ በዓልሽ ነው» ብላ ሆዷን አየች። ሌላዋ አፏን በነጠላ ሸፍና ሳቀች። በሽታ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እማዬ «ዕጣው ለናንተም ይድረሳችሁ» አለቻቸው። ሳቃቸው ቆመ።

ከሀራሙስ እንደተመለስኩ እንቁላሎቹን ቀቀልኩ። አባ በዘጠኝ ሰዓት መጡ፣ ጸበል በጠርሙስ ይዘው። እማዬ ስታያቸው ለመነሣት ሞከረች፣ አልቻለችም። እኔ የተላጡትን እንቁላሎች በነጭ ሳህን ይዤ ከአባ ጀርባ ቆምኩ። እማዬ ሳህኑን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ምን ብዬ እጽፈዋለሁ? ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ከክፍላቸው ብቅ አሉ። «አባ፣ ዛሬ ይቅር፣ ደክሟታል፣ ነገም ቀን ነው።»

«ነገማ ሐኪም ጋ ናት» አሉ አባ። «አስካለ፣ በሰኔ ምን ብዬሽ ነበር?»

«ብይ ብለውኝ ነበር አባቴ።»

«ታዲያ?»

«ለድንግል ብዬ…»

«ድንግል ልጅሽን እያስለቀሽ ጹሚልኝ አላለችሽም። ይኸው ፈትቼሻለሁ። እኔ ፊት ብይ።»

እማዬ መስቀሉን ተሳለመች። እንቁላሉን አነሣች። ቆረሰች። አኘከች። ስትውጥ የአንገቷ ጅማት እንደ ገመድ ወጣ። ውሃ ጠጣች። ደግሞ ቆረሰች። እየሳቀች ነበር የምትበላው፣ ለአባ። እትዬ ጥሩነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ብቻ ነበርኩ ደስ ያለኝ። አንዱን ጨረሰች። አባ «ይኸው! ሌላውን ማታ» አሉና ጸበል ረጭተው ወጡ። ሸኘኋቸው። በር ላይ «ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሉኝ።

ስመለስ እማዬ ተንበርክካ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ማስታጠቢያውን ይዘውላታል። እንቁላሉ እንደገባ ወጣ፣ እንደተቆረሰ። ከኋላው አረንጓዴ ነገር መጣ። ከዚያም ሽሮ። የትናንቱ ሽሮ፣ ሙሉው፣ እኔ ፊቷ ተቀምጬ ያስጨረስኳት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበር። ሽታውን አልጽፈውም።

ማስመለሱ ሲያባራላት እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ደስ አለሽ?» አሉ። «ካህን አምጥተሽ አሰቃየሻት! ጾሙ እኮ ነው ያሳረፋት። ብይ ብይ የሚላት የለም፣ ለምን አልበላሽም የሚላት የለም። አንዲት መደበቂያ ነበረቻት፣ እሷንም ሄደሽ አፈረስሽባት!»

«ተያት ጥሩዬ» አለች እማዬ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። «ልጅ ናት። ምን ታውቃለች።»

እማዬ ያኔ ነገረችኝ፣ ከሰኔ ጀምሮ ነው። ምንም አይወርድላትም። ሁለት ጉርሻ ስትበላ ሆዷ እንደ በርሜል ይሞላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሰኞም ጓሮ ሄዳ ያወጣችው ሽሮዬን ነው። እንቁላል እንዳለበት ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቃለች። «ለሰው ቤት ስንት ዓመት ያበሰልኩ ሴት እንቁላል ይጠፋኛል?» አለች። ያውም ልትስቅ ሞከረች። የበላችው ደስ ስላለኝ ነው።

«ለምን ለሀዋ አልነገርሻትም?» አልኩ። እያለቀስኩ። አላለቅስም ብዬ ነበር።

«መጋረጃ ጆሮ ይዘጋል እንዴ? ሰምቻለሁ። ካልከፈቱኝ በሽታው ይበላኛል። አንጀቴ ተይዟል ካልኩ ደግሞ አይከፍቱኝም። አንቺ እንኳ ይገባሻል።»

«ደሙ ያሳብቃል እማዬ።»

«ደሙ ያሳብቅ። እኔ በአፌ አላሳብቅም። ከከፈቱኝ በኋላ ያገኙታል፣ ያኔ አይመልሱኝ።»

«ተዘግቶ ከሆነ ሌላ ነገር ያደርጉ ይሆናል እኮ። ሀዋ አትደብቂ ብላሻለች። ቁስሉም…»

«በቃ!»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። ጉልበት የላትም ይላሉ፣ ጣቶቼን አመመኝ። «ነገ ከጥሩነሽ ጋር ነው የምሄደው። አንቺ ሥራሽ ሂጂ። ለማንም አትናገሪም። ማይልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። እናቴ ትሙት በይ።»

እትዬ ጥሩነሽ እንኳ «ኧረ አስካለ!» አሉ።

ሰው ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ ይምላታል። እኔም ሕፃን ሆኜ ለብስኩት፣ ለእርሳስ ምያታለሁ። ዛሬ ግን አፌ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። እማዬ ዓይኗን አልነቀለችም። «በይ!»

አልኩት። «እናቴ ትሙት፣ አልናገርም።»

«ጎበዝ» አለች። ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፣ ፊቷ እንደ ልጅ ሆነ። ማስታጠቢያውን እኔ ወስጄ ደፋሁት። ሁለተኛው እንቁላል ሳህኑ ላይ ቀርቷል፣ ጉንዳን ወሮታል።

አሁን እትዬ ጥሩነሽ በኮምፔንሳቶው በኩል ያንኮራፋሉ። እኔ አስባለሁ። ሀዋ የቆጠረቻቸውን ሁሉ ደጋግሜ አሰብኳቸው። ዕድሜው፣ መበተኑ፣ ውሃው፣ መዘግየቱ፣ ደሙ። አንዱንም እኔ አላመጣሁትም። ነጠላውን ስታስር አላየሁም፣ ሩቅ ነበርኩ፣ ድሬዳዋ ሰባተኛ ክፍል። ነገ ዝም ካልኩ ግን የእኔም አንድ ነገር ይጨመርበታል። ሐኪሙ ሳያውቅ ቢከፍታት፣ በተዘጋ አንጀት፣ በዚያ ደም። ያኔ እሱን የሚቆጥረው ሰው አይኖርም፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ብናገርም ምን እንደሚሆን አላውቅም። ምናልባት ውሃውን ቀድተው፣ በደም ሥር መግበው፣ አበርትተው ይከፍቷት ይሆናል። ምናልባትም ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ ሂዱ ይላል። ያኔ እማዬ እስክትሞት ፊቷን ታዞርብኛለች። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት፣ ታዞርብኛለች። መሐላውም አለ። መሐላ ይሠራል? አባን መጠየቅ ነበረብኝ፣ ግን ለአባም ቢሆን አልናገርም ብዬ ምያለሁ።

ነገ ሀራሙስ አልሄድም። ማዳም ሌላ ሴት ታምጣ። እማዬና እትዬ ጥሩነሽ ታክሲ ሳይይዙ ቀድሜ ወጥቼ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ እቆማለሁ። ሲገቡ አብሬ እገባለሁ። ከኋላዋ ለሀዋ ሹክ አልልም፣ እሱ ሌላ ስርቆት ነው። እማዬ እያየችኝ ነው የምናገረው። ረጅም ነገር አልችልም። «ከሰኔ ጀምሮ ምንም አይወርድላትም፣ ታስመልሳለች» እላለሁ። ዓይኗን ካየሁ ስለምጠፋ፣ ሀዋን ሀዋን እያየሁ እላለሁ።